ንጉሥ የሆንኩበት ከሰዓት

ልጄ አምስተኛ ክፍል ሳለች ኦሮራ ያለው ትምህርት ቤቷ ወላጆችን ለአንድ ከሰዓት ጠራ። ድሮ የእንግሊዝ ንጉሥ ባሕር ተሻግሮ የዚህን የተሰደድንበትን አገር ሰው ለምን ያስገብር እንደነበር እየተማሩ ነው፤ አስተማሪዋ በጨዋታ ልታሳያቸው አስባለች። እኔ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣሁ የሾፌርነት ጥቁር ሱፌን ከነክራቫቱ እንደለበስኩ ነበር። አስተማሪዋ አየት አደረገችኝና "ንጉሡ አንተ ነህ" ብላ የካርቶን ዘውድ ጫነችብኝ።

አጠገቤ ጎረቤታችን ተቀምጠዋል፤ አስመራ ያደጉ፣ በአማርኛ የተማሩ አዛውንት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ናት። እሳቸው ከልጆቹ ጋር ተገዢ ሆኑ። ለተገዢዎቹ ቸኮሌት ታደለ፤ የእኔ ሥራ በሆነ ባልሆነው እሱን መቀማት ነው፦ እርሳስ ለቀረጸ፣ ወረቀት ለነካ፣ ለሳቀ።

ጀመርኩ፤ ጣመኝም። ልጄ እጇን አውጥታ "ዋይ?" ብላ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ አስተማሪዋ ያስጠናችኝን አነበነብኩ፦ "እናንተን ለመጠበቅ ስዋጋ ከሰርኩ። ወታደር ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል።"

አዛውንቱ በአማርኛ ተቆጡ።

"ማን ጠብቁን አለ? ጣሊያንም አባቴን እንዲሁ ነበር ያለው። አባቴ እህልና ከብት እንጂ ሳንቲም የት ያውቃል? በሳንቲም ክፈል ሲሉት ሳንቲም ፍለጋ የእነሱን መንገድ ሊቆፍር ሄደ። መጀመሪያውኑ የፈለጉት ጉልበቱን ነው!"

"አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው" አልኩ ዘውዴን እያቃናሁ። "ይልቅ ቸኮሌቱን ይስጡኝ።"

"የእኛ ንጉሥ እንኳ አስገብሮ ግብር ያበላ ነበር። አንተ ምን ታበላለህ?"

ወታደር ላክሁባቸው። ወታደሯ የገዛ የልጅ ልጃቸው ነበረች። አጠገባቸው ሳትደርስ ቸኮሌቱን እንዳለ አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

"ዩር ሹገር!" ብላ ጮኸች። ስኳር አለባቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተገዢዎቼ በሙሉ እሳቸውን አይተው የየራሳቸውን ጎረሱ፤ ግዛቴም በአንድ ጉርሻ አለቀ። አስተማሪዋ "ተገዢዎቹ አምፀው የንጉሡን ሻይ ባሕር የሚደፉበት ገና ነበር እኮ" ብላ አዘነች።

በመኪናዬ ወደ ሰፈራችን ቻምበርስ ሮድ ስንመለስ ልጄ ከኋላ ወንበር "ዳዲ፣ ዩ ላይክድ ኢት" አለችኝ፤ ንግሥናው ጥሞህ ነበር ማለቷ ነው። አልካድኩም። አዛውንቱ ከጎኔ ተቀምጠው ጣታቸውን ወግተው ስኳራቸውን ለኩና "ወጥቷል" አሉ፣ ድል እንዳደረገ ሰው።

ከዚያ ወዲህ በረዶ በጣለ ቁጥር መኪናዬን ስጠርግ ከበረንዳቸው ይጣራሉ፦

"ግርማዊ ሆይ! አሽከር የለዎትም እንዴ?"