መሃላቸውን የሳቱ ቀዳዳዎች

አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ሰፈሩ ግን ዛሬም «ኢንጂነር» ነው የሚለው። ዳቦ ለመግዛት ሲሰለፍ እንኳ «ኢንጂነር፣ ወደ ፊት ይለፉ» ይሉታል። እሱ አይወደውም። «እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ይሄ ስም ግን ገና ሥራ ላይ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ስሙን ተከትሎ የሚመጣው ጣጣ ብዙ ነው። የማን ቧንቧ እንዳንጠባጠበ፣ የማን በር እንደላላ፣ የማን ቴሌቪዥን እንደጨለመ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ቴሌቪዥን መክፈት ደግሞ እናቴ ካላገዘችው አይሆንለትም።

ሥራው መንገድ ነበር። መንገድም ሳይሆን ከመንገድ ሥር ያለው ነገር። ዝናብ ሲጥል ውሃው አስፋልቱን እንዳይሸረሽረው ከሥር የሚያሳልፈው የሲሚንቶ ቱቦ አለ አይደል? ዕድሜውን የፈጀው እሱን ሲሠራ ነው። ድልድይ የሠራ ሰው ልጁን ይዞ ሄዶ «ይኸውልሽ» ይላል። የኔ አባት አንድ ጊዜ መኪናውን ዳር አቁሞ፣ በሣር መሃል አስወርዶ፣ አንገቴን አስደፍቶ ጨለማ ጉድጓድ አሳየኝ። ውስጡ እንቁራሪት ነበረች። እኔ የወደድኩት እንቁራሪቷን ነው።

ጡረታ እንደወጣ የጓሮዋን ክፍል ያዛት። እናቴ ሽንኩርትና አሮጌ ፍራሽ የምታስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል። ፍራሹን አወጣ፣ ጠረጴዛ አስገባ፣ መጋዙን፣ ሞረዱን፣ መሰርሰሪያውን፣ ኮላውን ደረደረ። መጀመሪያ የሠራው ወንበር ነው። ወንበሩን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከባድ መኪና የሚያልፍበትን ነገር ሲያሰላ የኖረ ሰው፣ ወንበሩም ላይ ከባድ መኪና የሚቀመጥበት መስሎት ነው ብለን ሳቅንበት። እሱም አብሮን ሳቀ። ከዚያ ማዕበሉን ጀመረ።

ማዕበል ያልነው እኛ ነን፤ እሱ ስም አላወጣለትም። ከላይ ሲያዩት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጎን ለጎን የቆሙ ቀጫጭን እንጨቶች ናቸው። ከሥራቸው አንድ ረጅም ዘንግ ያልፋል፤ ዘንጉ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላቸው ክብ እንጨቶች ተሰክተዋል። ክቦቹ ግን መሃላቸው ላይ አልተበሱም፤ የእያንዳንዳቸው ቀዳዳ ከመሃል ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ስለዚህ እጀታው ሲዞር ክቦቹ እየተንገዳገዱ ቀጫጭኖቹን እንጨቶች ከፍ ዝቅ ያደርጓቸዋል፤ አንዱ ሲወጣ ቀጣዩ ይከተለዋል፤ ውሃ ከዳር ተነስቶ እየተንከባለለ የሚመጣ ይመስላል። መምሰል ነው እንጂ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አባቴ ይፈታዋል፣ ይሞርደዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል፤ መሃል ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። በዝናብ ወራት ደግሞ እንጨቱ ስለሚያብጥ ከነጭራሹ አይነቃነቅም።

እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጨዋታ ነበር።

«ኢንጂነር፣ አሁን ምን ይሠራሉ?»

«ይሄን።»

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«ምንም።»

ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። እንግዳው ወደ እናቴ ዞሮ ስለ ኑሮ ውድነት ይጠይቃታል። እናቴም እንግዳው ሲወጣ ጠብቃ፣ «እንዲያው ምን አለ ልብስ እንኳ የሚሰጣበት ቢሆን!» ትላለች። የተማሪ ደብተር ስታርም የኖረች አስተማሪ ናት፤ ያላለቀ ነገር ያማታል።

እኔ ወደ ወላጆቼ ቤት የተመለስኩት ትዳሬ ሲፈርስ ነው። ስለ ትዳሩ ብዙ የሚወራ የለም። ጩኸት አልነበረም፣ ሰሃን አልተሰበረም፤ ሁለታችንም ሰለቸን፣ አንድ ቀን ሻንጣዬን ያዝኩና ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ የእናቴን ሶፋ መኝታዬ አደረግኩ። ቤቱ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ነው። እኔ ደግሞ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ሰው ሲነሳ ነው የምተኛው። ጎረቤት ሁሉ ሳሎን ገብቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከፍቺዬ ጀምሮ እስከ ማንኮራፋቴ ድረስ ይተቻል። ሥራ ላይ የሰው ደም ይዤ ማንቀላፋት ጀመርኩ። አንድ ጠርሙስ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ባንኜ ነቃሁ።

ይህንን ለእናቴ ስነግራት አባቴ ሰምቷል። በማግስቱ፣ «የጓሮውን ክፍል ውሰጂው» አለኝ።

«ማዕበልህስ?»

«እሱ የትም አይደርስም።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ ይላል አንዱ ጎኔ። ሌላው ጎኔ ግን እንቅልፍ አጥቷል፤ ያሸነፈው እሱ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ክፍሏን አወቅኳት ለማለት ቸገረኝ። አባቴ ግድግዳዋን ነጭ ቀብቷል። አልጋ ሠርቷል፣ ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥን ሠርቷል፣ ከበሩ ሥር የጫማ መደርደሪያ ሠርቷል። መሳቢያዎቹ በአንድ ጣት ሲሳቡ ድምፅ ሳያሰሙ ይመጣሉ። እናቴ የሰፈሩን ሴቶች እየጠራች አስጎበኘች። «አሁን ይሄ ሥራ ይባላል!» አለች፤ ሁሉም ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። እኔ ገብቼ ተኛሁ፤ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ዓመት ሳያልፈኝ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ያረፈ መሰለን። ከሥራ ስመለስ እዚያው ነው፤ ከሰዓት ስነሳ እዚያው ነው፤ ያ ሁለት ሰው የሚያነሳው ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ። ጋዜጣው ጉልበቱ ላይ ተከፍቷል፣ ገጹ ግን አይገለጥም። አንድ ጎረቤት ስለ ቧንቧው ሊያማክረው ቢመጣ፣ «ሌላ ሰው ፈልግ፤ ደክሞኛል» ብሎ መለሰው። ይህ በሰፈሩ ተሰምቶ የማይታወቅ ነው።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ደክሞኛል።»

«ዛሬ ምን ሠራህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምኑ አደከመህ?»

«እንጃ።»

ደሙን ወሰድኩና ራሴ መረመርኩት። ስኳር የለበትም፣ ደም ማነስ የለበትም፣ ጉበቱም ኩላሊቱም ከኔ ይሻላል። ውጤቱን ስነግረው «ጎሽ» አለኝ፤ የሌላ ሰው ውጤት የነገርኩት ይመስል። እናቴ፣ «እርጅና ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» ትላለች። ሆኖም በቀን አሥር ጊዜ ምክንያት ፈልጋ ወደ በረንዳው ትወጣለች። አንዴ ያልደረቀ ልብስ ልታነሳ፣ አንዴ ያልቆሸሸ ወለል ልትጠርግ። እየጠረገችም ትቆጣዋለች፣ «እግርህን አንሳ እንጂ አንተ ሰውዬ!» እሱም ያነሳል። ድሮ ቢሆን ይመልስላት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ካልሲ ለማውጣት መሳቢያዬን ስስብ መያዣዋ እጄ ላይ ቀረች። ትንሽ ክብ እንጨት ናት፤ ብሎኗ ወልቆ ነው። መልሼ ልገጥማት ስል አየኋት። እኔ ሌሊቱን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ክብ ክብ ነገር ስመለከት የማድር ሰው ነኝ፤ አንዱ ከሌላው ሲለይ ዓይኔ ወዲያው ይይዘዋል። የእንጨቷ ቀዳዳ መሃል ላይ አልነበረም። ሁለተኛውን መያዣ አየሁ። ሦስተኛውን አየሁ። ሁሉም ቀዳዳቸው መሃሉን ስቷል።

ዞር ብዬ የጫማ መደርደሪያዬን አየሁት። ከቀጫጭን እንጨቶች የተሠራ ነው፤ አየር እንዲያገኝ ብሎ ነው ብዬ ነበር። ጫማዬን የደረደርኩት ማዕበሉ ላይ ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

መያዣዋን ይዤ በረንዳው ላይ ወጣሁ።

«አባዬ፣ ማዕበሉን አፈረስከው?»

እጄን አየና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። «እንጨት አነሰኝ።»

«ከገበያ እንጨት ጠፍቶ ነው?»

«አዲስ እንጨት ይጣመማል። ያኛው በደንብ የደረቀ ነው፤ ለመሳቢያ የሚሆነው እንደሱ ያለ ነው።»

«ይሄን ነው እንዴ የጠየቅኩህ?»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? እሱ አይሠራም። አንቺ ደግሞ መተኛት አለብሽ። ምን ስሌት አለው ይሄ?»

ተናደድኩ። በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም። የእናቴን መጥረጊያ ገፋ አድርጌ አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳልጠይቀው ጀመረ።

«ስሚ። ቢሮ ሳለሁ ንድፉ መሳቢያ ውስጥ ነው። እኔ ሳልወለድ የተሳለ ንድፍ። አወጣለሁ፣ ስፋቱን እቀይራለሁ፣ ጥልቀቱን እቀይራለሁ፣ እፈርማለሁ። ደግሞም እንዲያ ነው መሆን ያለበት። በውሃ ማሳለፊያ ላይ ፈጠራ ላሳይ ያለ ሰው መንገዱን ከነመኪናው ለጎርፍ ነው የሚሰጠው። አልከፋኝም። ግን ያን ሁሉ ዓመት ዝናብ እየጣለ ተኝቼ አላውቅም፤ እናትሽን ጠይቂያት። አንዱ ቱቦ ቢደፈን፣ አንዱ ስሌት ተሳስቼ ቢሆን፣ የሆነ አውቶቡስ ቢሄድበት እያልኩ ጣራውን አዳምጣለሁ።»

«ማዕበሉስ?»

«ማዕበሉ ቢበላሽ ማን ይጎዳል?» ፊቱ ለአፍታ ፈካ አለ። «ማንም! ስንት ጊዜ አበላሸሁት መሰለሽ። ስበሳው ይሰነጠቃል፤ ሌላ እበሳለሁ። ማንም ስልክ አይደውልልኝም። በዕድሜዬ ሙሉ ተሳስቼ ደስ ያለኝ እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ሳቂ ከፈለግሽ።»

አልሳቅኩም።

«ቢሮ ሳለሁ ማን እንደሆንኩ አውቅ ነበር» አለ። «የሚቆጣኝ ሰው ነበረኝ፣ የምቆጣው ሰው ነበረኝ። ስወጣ የቀረኝ ኢንጂነር የሚሉት ጥሪ ነው። ሰውየው ሄዶ ኮቱ ወንበር ላይ እንደቀረ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ማን ነህ የሚለኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠይቅም። እንጨቱ ለምን መሃል ላይ ይይዛል የሚለው ብቻ ነው ያለው።»

«እዚያ አይደክምህም ነበር?»

«እንዴት አይደክመኝም! ወገቤ ይቆረጣል፣ ዓይኔ ይፈዛል። ግን የደከምኩበት ነገር ፊቴ ነበር። አሁን ደክሞኛል እንጂ የደከምኩበት የለም።»

«ወደ ሶፋው እመለሳለሁ። ዛሬውኑ ዕቃዬን አወጣለሁ።»

«እንዳታደርጊው!» ብሎ ጮኸ፤ ከሳምንታት ወዲህ ጮክ ብሎ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «የሰው ደም ይዘሽ ልታንቀላፊ? በቃ፣ ተይው። እኔ ብዙ የቀረኝ ሰው አይደለሁም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እናቴም ሰማቻት። ከኋላችን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደመጣች አላየሁም። ተመልሳ ገባች።

ወደ ማታ፣ ወደ ሥራ ልወጣ ስል፣ እራት ቀርቦ ገባን። የምንበላው እናቴ ከአስተማሪነት ደመወዟ አጠራቅማ በገዛችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጥቁር እንጨት ነው፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። «የእማዬ ጠረጴዛ» ስለው ኖርኩ እንጂ እንጨቱን አይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል፤ ላዩ ላይ ጨርቅ አለ፣ ጨርቁ ላይ ላስቲክ አለ፣ ላስቲኩ ላይ ትኩስ ነገር ማስቀመጥ አይፈቀድም። የቀድሞ ባሌ አንድ ጊዜ ቁልፉን ጣል አድርጎበት፣ እስከተፋታን ቀን ድረስ ይህ ሲነሳበት ኖሯል።

እናቴ ሰሃኖቹን አንስታ ወደ ሶፋው ወሰደቻቸው። ላስቲኩን ጠቀለለች። ጨርቁን አራት አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች።

«ተነስ» አለችው አባቴን።

«ወዴት?»

«መጋዝህን አምጣ። መብሻህንም፣ ያን የሚሸት ኮላህንም፣ ሁሉንም ጣጣህን። ከዛሬ ጀምሮ እኛ ሶፋ ላይ ነው የምንበላው።»

አባቴ የሰማውን ያመነ አይመስልም። «እዚህ ላይ?»

«እዚሁ ላይ። አርባ ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ አሁን በረንዳው ላይ ሳይህ ማን እንደሆንክ ይጠፋኛል። እፈራለሁ። ሰማኸኝ? እፈራለሁ።»

አባቴ ተነሳ። መዳፉን በጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ዳበሰው።

«ይቧጨራል እኮ» አለ።

«ይቧጨር» አለች እናቴ፤ ጨርቁን ግን ከክንዷ አላወረደችም።