እፍኝ የቡና ገለባ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ተረት ሲነግረን የምንመልስለት በእጃችን ነበር። ጅማ ውስጥ ባለ አንድ የቡና መፈልፈያ ከማሽኑ ጎን ቆሞ ሲሠራ ኖሮ ጆሮው ደንቁሯል። «ተረት ተረት» ሲል እኔና ወንድሞቼ የምንጮኸው «የመሠረት» ስለማይሰማው፣ ከጆንያው እፍኝ ገለባ ዘግነን ፍሙ ላይ እንበትናለን፤ ገለባው መጀመሪያ ይጨሳል፣ ከዚያ ቦግ ይላል፣ አባቴም በዚያ ብርሃን ፊታችንን አይቶ ይቀጥላል። ያኔ ጦጣዋ ከጅቡ የምታመልጠው እኛ ገለባ ስለጨመርንላት ይመስለኝ ነበር። ገለባውን ሠራተኛው ሁሉ ከመፈልፈያው በነጻ ይወስድ ነበር።

ከዚያ መፈልፈያው ተወረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሠራተኛውን ሰብስበው ማሽኑ ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄድ፣ እዚህ ያለው ሥራ እንደሚዘጋ ነገሩት፤ ካድሬዎቹም አስጨበጨቡ። አባቴ የተባለውን አልሰማም፤ ግራ ቀኙን አይቶ እሱም አጨበጨበ። ሰውዬው ለገዛ መባረሩ አጨበጨበ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ማሽኑ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ የገለባው ክምር ከአጥሩ ጀርባ ቀረ። እናቴ ባዶ ጆንያ ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ዘበኛው ጎረቤታችን ነው፣ ስንት ጊዜ ቤታችን በልቷል።

«ወላሂ አዴ ፋጡማ፣ የመንግሥት ንብረት ሆኗል። እኔ ምን ላድርግ?» አላት መሬት መሬት እያየ።

እናቴ ጆንያዋን አጥፋ ተመለሰች። ክረምቱ ገባ፤ የመንግሥት ንብረት ዝናብ እየጠጣ ጠቆረ፣ ሸተተ፣ ትል አፈራ።

አንድ ምሽት አባቴ እንደ ልማዱ «ተረት ተረት» አለ። ላምባ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ምድጃው ውስጥ የቀረችው ፍም ፊት አታሳይም። «የመሠረት!» ብለን ጮኽን። ደግመን ጮኽን። ታናሽ ወንድሜ ተነስቶ ጉልበቱን ነቀነቀው፤ አባቴ በእጁ ጨለማውን ዳበሰና የወንድሜን ራስ አገኘ።

«ፊታችሁን ሳላየው ለማን ልንገር ልጄ?» አለ።

ከዚያ ወዲያ ተረት አልነገረንም።

በዚያ ዘመን ቤት የተወሰደባቸው አሉ፣ ልጅ የተገደለባቸው አሉ። እኔ ስለ ገለባ ሳወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ማሽኑን ውሰዱት፤ የአባቴን ጆሮ የበላ ማሽን ነው፣ አልናፍቀውም። ያንን ከአጥር ጀርባ እየተጠበቀ የበሰበሰ ክምር ግን እስክሞት ይቅር አልልም።