ጥቅምት ዐሥራ ሦስት የዋለበት ቀን

ጋሼ ርእሶምን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። በአንድ መረዳጃ ማኅበር ውስጥ ዐሥራ አምስት ዓመት ኖረናል፤ እሳቸው የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ፣ እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያወራነው ቢደመር አንድ ከሰዓት በኋላ አይሞላም። እኔ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል፤ እሳቸውም ካልጠየቋቸው አይናገሩም። እዚህ የምጽፈው ግማሹ ያየሁት ነው፤ ግማሹን ባለፈው ቅዳሜ ኮራል ስፕሪንግስ በሚባል ሰፈር፣ ወንድ ልጃቸው ቤት ተቀምጠን ነገሩኝ። የጎደለው ይበዛል።

የላከችኝ ልጃቸው ቅሳነት ናት። ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው፤ ከከተማችን ወጣ ብላ ኤርድሪ ትኖራለች። ለአባቷ የምትደውለው ለበዓል ለበዓል ነው። ለእኔ ስትደውል መጀመሪያ ማን እንደሆነች አላወቅኋትም።

«ሶሪ፣ እርስዎ ነበሩ አይደል ጸሐፊዋ? እኛ ከጓደኞቼ ጋር ቡክ እየሠራን ነው። ስለ ኦል ኤጅስ ቦታዎች፣ ላይክ፣ የፓንክ ሾው የነበረባቸው። እያንዳንዱ ቦታ አንድ ገጽ አለው። መቼ ተከፈተ፣ መቼ ተዘጋ፣ ለምን ተዘጋ። የኛ አዳራሽ፣ ለምን የሚለው ባዶ ነው።»

«አባትሽን አትጠይቂም?»

«ለኔ አይነግረኝም። ቴን ይርስ ጠበቅኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ፕሪንት እናደርጋለን። እኔ ልጽፈው እችላለሁ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እሱ ራሱ እንዲለው ነው የምፈልገው።»

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በዚህ ከተማ ሙዚቃ የሚሰማባቸው ቤቶች አብዛኞቹ መጠጥ ይሸጣሉ፤ ዐሥራ ስምንት ያልሞላውን በር ላይ ይመልሱታል። ፓንክ የሚሉትን ሙዚቃ ግን፣ ፈጣኑን፣ ጯሂውን፣ ገና ሳይጀመር የሚያልቀውን፣ የሚጫወቱትም የሚሰሙትም ብዙዎቹ ሃይስኩል ያሉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ዕድሜ የማይጠየቅበት ቦታ ሲፈልጉ ይኖራሉ። ኦል ኤጅስ የሚሉት እሱን ነው። በመጀመሪያ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበራቸው፤ ጣሪያው አፈሰሰና ተዘጋ። ቀጥሎ የስኬትቦርድ ሱቅ ጓሮ አገኙ፤ ሱቁ ለቀቀ። ከዚያ አንድ የምንጣፍ መጋዘን፤ የእሳት መውጫ በር የለውም ተብሎ ታሸገ። ከዚያ እኛ ጋ መጡ።

ጋሼ ርእሶም ያኔ ቅሳነት የምትማርበት ሃይስኩል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። «መጋዘኑ የታሸገ ዕለት ኮሪደር ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው» አሉኝ። «አፍንጫቸው ላይ ቀለበት ያደረጉ፣ ከእኔ የሚረዝሙ ልጆች፣ እንባቸው ይወርዳል። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ቦታ ነው የሞተባቸው።» የማኅበሩ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ስለነበር ሊቀ መንበራችንን ጋሼ ኪራኮስን ጠየቋቸው። ጋሼ ኪራኮስ «ጸጥታ እስከጠበቁ ድረስ» ብለው ፈቀዱ። ይህን ሲነግሩኝ ጋሼ ርእሶም ሳቁ። «በጸጥታ ፓንክ! እኔም እሺ አልኩ እኮ።»

ሦስት ዓመት ቆየ። እሳቸው በር ላይ ወንበር ይዘው፣ ቢጫ የጆሮ መድፈኛ የሞላበት ካርቶን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ሁለት ሁለት ሳይወስድ የሚገባ የለም። «ጆሮህን ለሚስትህ አቆይላት» ይላሉ በአማርኛ። ልጆቹ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ ተቀብለው ይሉታል፤ በመጨረሻ እርስ በርሳቸው ሰላምታ አደረጉት። ኖኅ የሚባል፣ ጸጉሩን አረንጓዴ ቀብቶ እንደ አውራ ዶሮ ያቆመ ልጅ ነበር። «ዛሬም ጎመንህን አጠጣህ?» ይሉታል። ቅሳነት ድራም ትመታለች። እኔ አንድ ቀን የረሳሁትን መዝገብ ልወስድ ገብቼ አየኋት፤ ላቧ ይንጠባጠባል፣ አባቷ ከበሩ ሆነው ጭንቅላታቸውን ያወዛውዛሉ። ከምቱ ጋር ግን አይገጥምም።

የአዳራሹን ቀጠሮ የሚይዙት ኩሽናው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የፈረንጅ ካላንደር ነው። ልጆቹ በፈረንጅ ቀን ይናገራሉ፤ የማኅበሩ ሰዎች ተዝካሩንም ክርስትናውንም በእኛ ቀን ይናገራሉ፤ ጋሼ ርእሶም በጭንቅላታቸው ወደ ፈረንጅ ቀን መልሰው በእርሳስ ይጽፋሉ። አስመራ የተማሩት በአማርኛ ነው፤ ሒሳባቸውም ፈጣን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2008 ጥቅምት የማኅበሩ አባል እትዬ አፀደ ደውለው «የባለቤቴ ሙት ዓመት ጥቅምት ዐሥራ ሦስት ነው» አሏቸው። እሳቸው ሲያሰሉት ጥቅምት ዐሥራ ሦስት ኦክቶበር ሃያ ሦስት ሆነ፤ ዓርብ። ቅዳሜ ሃያ አራት ደግሞ ሾው አለ። በሰላም ይተላለፋሉ ብለው ሁለቱንም ጻፉ።

ከዚያ ዓመት መስከረም በፊት ያለፈችው ጳጉሜ ግን ስድስት ቀን ነበረች። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ከመስከረም ጀምሮ ቀኑ በፈረንጁ ላይ በአንድ ይገፋል። ጥቅምት ዐሥራ ሦስት የዋለው ቅዳሜ ነው። አገር ቤት ቢሆኑ ማንም አይሳሳትም ነበር፤ እዚህ ሁለት ቀን ይዞ የሚኖር ሰው ነው የሚሳሳተው።

«ዓርብ ወንበሩን ደርድሬ፣ ቁልፉን በር ሥር ትቼ ሺፍቴ ገባሁ» አሉኝ። «ቅዳሜ ስመጣ ወንበሩ እንደተደረደረ፣ ወለሉ አንድ ፍርፋሪ የለበትም። እንዴት ያሉ ንጹሕ ሰዎች ናቸው ብዬ አመሰገንኳቸው።»

ሰባት ሰዓት ላይ ልጆቹ መጡ። እንደ ልማዳቸው ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ስምንት ሰዓት ላይ እትዬ አፀደ ከነዘመዶቻቸው፣ እነሱም ጥቁር ለብሰው፣ ምግቡን ተሸክመው ደረሱ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ባለቤታቸው የትምህርት ቤት ባስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እትዬ አፀደ አዳራሹ ሙሉ ጥቁር የለበሱ ልጆች ሲያዩ ቆሙ። «የባሱ ልጆች!» አሉ። «የባሱ ልጆች መጡለት! ዓመቱን አልረሱትም!» ኖኅን አንገቱን ይዘው ወደታች ሳቡና ጉንጩን እየሳሙ አለቀሱ። ልጁ ምን እንደሆነ ባይገባውም አጎንብሶላቸው ጀርባቸውን ይዳብስ ጀመር። ጋሼ ርእሶም ካርቶናቸውን እንደያዙ በር ላይ ደርቀው ቀሩ።

ያን ጊዜ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ፣ ምንም ያላየችው ቅሳነት ድራሙን ለቀቀችው።

የእትዬ አፀደን ፊት ዛሬም አልረሳውም። ልጆቹ ነገሩ ሲገባቸው ዕቃቸውን ነቅለው፣ ወንበር አስተካክለው፣ ምግቡን ከመኪና አውርደው ነው የሄዱት። ያን ግን ማንም አላነሳውም። በሙት ዓመት ላይ ተጨፈረ ተባለ።

በማግስቱ እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቅሳነት የቀረ ዕቃዋን ልትወስድ መጥታ ከመጋረጃው አጠገብ ቆማለች።

«አቶ ርእሶም» አሉ ጋሼ ኪራኮስ፣ «እነዚህ ልጆች ያለ ቀናቸው ነው የመጡት? ወይስ እርስዎ ቀጥረዋቸው ነው?»

ጋሼ ርእሶም መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ይናገሩ እንጂ። ዝም ካሉ ያለ ቀናቸው ነው ብለን እንይዛለን።»

ዝም አሉ። ቅሳነት አባቷን እያየች ጠበቀች። ሁላችንም ጠበቅን።

«ጸሐፊ፣ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። ወጣቶቹ ያለ ቀናቸው በመምጣት ሥርዓት ስላፈረሱ ከዛሬ ጀምሮ አዳራሹ እንዳይሰጣቸው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ግን ውኃ ልጠጣ ኩሽና ገብቼ ነበር። ካላንደሩ ላይ ሁለቱም ቀጠሮ በእሳቸው እጅ ተጽፎ፣ አንዱ ዓርብ፣ አንዱ ቅዳሜ፣ አይቼዋለሁ። የማን ስሕተት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። እጄን ላወጣ አሰብኩ፤ አላወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ለሁለት ዓመት ቦታ አላገኙም። የቅሳነት ባንድ ፈረሰ። ድራሟን ኦኮቶክስ በምትባል ጎረቤት ከተማ ለምትኖር አንዲት ልጅ ሰጥታ፣ ዐሥራ ስምንት ሲሞላት ከቤት ወጣች።

ያለፈው ቅዳሜ ጋሼ ርእሶም ይህን ሁሉ፣ ስለ ጳጉሜዋ ሳይቀር፣ ሳይደብቁ ነገሩኝ። ስለዚያ እሑድ ብቻ አላነሡም። አሮጌውን ቃለ ጉባኤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። መነጽራቸውን አድርገው የውሳኔዋን መስመር አነበቧት።

«ጽሕፈትሽ ያምራል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔም ካላንደሩን አይቼው ነበር።»

«አውቃለሁ። ከኩሽና ስትወጪ ፊትሽን አየሁት።» መዝገቡን በቀስታ ዘጉት። «ትናገር ይሆናል ብዬ ጠብቄሽ ነበር።»

ስልኬን አወጣሁ። ቅሳነት መልእክት ልካለች፤ «ምን አለ?» ብቻ ነው የሚለው። አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው፣ ያቺን አጭር መልእክት ለማንበብ ከሚበቃው በላይ ረጅም ጊዜ አዩት፤ መለሱልኝ። እኔም ካሁን በኋላ ድፍረቱ እንደማይመጣልኝ ስለማውቅ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ያን እሑድ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ለማለት ምን ከለከለዎት?»

ካርቶኑን ይይዙበት በነበረው ዓይነት ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋጠሙ።

«ሌላ ካለሽ ጠይቂኝ» አሉ። «ይቺን እለፊያት።»