ቅዳሜ ብቻዋን እንደምትሄድ የነገርኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለባሌም ለእናቴም ነግሬ አላውቅም። ሱጁድ ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ እንኳ በቃል አውጥቼው አላውቅም። «ያ ረቢ፣ ያን ነገር ማረኝ» ነበር የምለው። «ያን ነገር» ካልኩት ጌታዬም የማያውቅብኝ ይመስል። እንግዲህ ዛሬ በስሙ ልጥራው። ጓደኛዬን ዘምዘምን አስጠልፌያታለሁ።

ከሚሴ አሥረኛ ክፍል ስንማር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ዘምዘም የጨፋ ገበሬ ልጅ ናት። ለትምህርት ብላ ከተማ ከአክስቷ ከእትዬ ሉባባ ዘንድ ትኖር ነበር። ሒሳብ እሷ ታስረዳኛለች፣ ኦሮምኛ የቀላቀለችበትን አማርኛዋን እኔ አርምላታለሁ። ከእኔ ይልቅ እሷ ትምህርቱን ትጨርሳለች የሚል ነበር የሚበዛው።

ያን ጊዜ በእኛ በሴቶቹ መካከል አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ እኛ ሳንወለድ የታተመ መጽሐፍ ነው። አንድ መልከ መልካም ወጣት፣ ቤተሰቦቿ የከለከሉትን ልጅ መንገድ ጠብቆ ይጠልፋታል። የምታልፍበትን ቀንና ሰዓት የምትነግረው የልጅቷ ጓደኛ ናት። ልጅቷ ገጽ በገጽ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ድንገት ትወደዋለች። ሰርጉ ላይ ሁሉም ያቺን ጓደኛ ያመሰግናታል። እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዘምዘም አንድ ጊዜ አንብባ መለሰችልኝ።

«ልጅቷ እሺ ያለችው የቱ ጋ ነው? ገጽ ጎድሎታል እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ ፍቅር የት ታውቂያለሽ!» አልኳት፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት። ሳቁባት። እኔም ሳቅሁ።

ጀማል ጎረቤታችን ነበር። ሞተር ሳይክል ያለው፣ አለባበስ የሚያውቅ የእህል ነጋዴ። ለአባቷ ሽማግሌ ልኮ «ልጄ ትማራለች» ተብሎ እንደተመለሰ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ላይ አቆመኝ።

«ዘምዘም ነገ ወደ ጨፋ ትሄዳለች?»

ቅዳሜ ቅዳሜ ከአክስቷ ጋር ወደ ወላጆቿ ትሄድ ነበር። «ትሄዳለች» አልኩት። «ብቻዋን ናት፤ እትዬ ሉባባን አሟቸዋል። ጠዋት ነው፣ በቦርከና ወንዝ በኩል።»

ለምን እንደጠየቀኝ አልገባኝም ነበር ልበል? ገብቶኛል። እሱ የጠየቀኝ መሄዷን ብቻ ነው። ብቻዋን መሆኗን ማን ጠየቀኝ? ሰዓቱንስ? መንገዱንስ? እኔ ነኝ፣ እኔው በገዛ አፌ ጨመርኩለት። ስነግረው ደስ ብሎኝ ነበር። ታሪክ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆነው ወሰዷት። ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ጩኸቷን ሰምተው ቢሮጡም አልደረሱም። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ገቡ፣ አባቷ አንገቱን ደፋ፣ ኒካሁ ታሰረ። እኔም አዲስ ሻሽ አስሬ ሰርጉ ላይ ተገኘሁ። ሂና የተቀባ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ጠጋ ብዬ «ትወጅዋለሽ፣ ታያለሽ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና «ደብተሮቼን ከአክስቴ ቤት ውሰጅልኝ፤ አይጥ እንዳይበላቸው» አለችኝ።

አልወሰድኩላትም።

እኔ ተማርኩ። አስተማሪ ሆኜ እዚያው ከሚሴ ተመደብኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ዘምዘም ከዓመታት በኋላ ፈትታው፣ ልጆቿን ይዛ ባቲ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደምትሸጥ ሰማሁ። መንገዱ ሩቅ አልነበረም። አልሄድኩም።

ዘንድሮ ለሴት ተማሪዎቼ የንባብ ሰዓት ጀመርኩላቸው። አንዷ ከእናቷ ሳጥን ያገኘችውን ያንኑ መጽሐፍ ይዛ መጣች። እንዳታነቡት ማለት አልቻልኩም፤ ምን ብዬ? አንብበው ሲመጡ ክፍሉ በጫጫታ ሞላ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ለምን አልታሰረም?»

«ወላሂ፣ እንዲህ አልቅሳ አልቅሳ በአንድ ቀን ወደደችው?»

«የድሮ መጽሐፍ ስለሆነ ነው፤ አማርኛው ግን ያምራል» አለች ሌላዋ። ተንጫጩባት።

ከወደ ኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «እኔ ከሰውዬው ይልቅ ጓደኛዋን ነው የጠላሁት» አለች። «እሱስ ጠላት ነው። እሷ ግን አብራት ትበላ ነበር።»

ከፊት ያለችው «ቲቸር፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ይህን መጽሐፍ ይወዱት ነበር?» ስትለኝ «አላስታውስም» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለልጆች ዋሸሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ ባቲ ወረድኩ። ዘምዘም ከሩቅ ለየችኝ። «ከድጃ! አካም ጅርታ?» ብላ ተነስታ አቀፈችኝ፣ አገላብጣ ሳመችኝ፣ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ከዚህ በላይ ብትስመኝ የመጣሁበትን ትቼ እንደምመለስ ስለማውቅ ቶሎ ተናገርኩ።

«ዘምዘም፣ ያን ቅዳሜ ብቻሽን እንደምትሄጅ ለጀማል የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ጨርቅ እያጠፈች ነበር። አጥፋ ጨረሰች።

«አክስቴ አይደለችም?» አለችኝ።

«አይደሉም። እኔ ነኝ።»

«ሆን ብላ አመመኝ ያለች መስሎኝ ነበር እኮ። ሸጠችኝ ብዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጇን ረግጬ አላውቅም። ቁርኣን ይዛ ማለችልኝ፣ አላመንኳትም።» ያጠፈችውን ጨርቅ ክምሩ ላይ አኖረች። «አምና ስትሞት ለቅሶዋ ላይ አልደረስኩም።»

እትዬ ሉባባ እንደሚጠረጠሩ አላውቅም ነበር። ይህም ሰበብ አይሆነኝም፤ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሰበብ ፈለግሁ። «ልጅ ነበርኩ» አልኳት። «ያ መጽሐፍ ነው ያሳሳተኝ፤ እንደዚያ የሚሆን መስሎኝ…»

«መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ» አለችኝ።

ደንበኛ መጣ። ተነስታ ጨርቅ ትለካለት ጀመር። ሌላም መጣ። ረጅም ጊዜ ጠበቅኳት፤ ወደ እኔ አልዞረችም። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልላት ነበር የሄድኩት፤ ሳልላት ተነሳሁ።

እናንተም አውፍ አትበሉኝ። ለእናንተ የነገርኳችሁ ለዚያ አይደለም። እትዬ ሉባባ እንዳልሸጧት የሚያውቁ ሰዎች እንዲበዙ ነው። የሸጥኳት እኔ ነኝ። ከድጃ ነኝ።