ለጳጉሜ ያልተከፈለ ቃል

ጳጉሜ ሦስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። መካኒሳ ከምከራይበት ግቢ በር ላይ ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ መጥተው መቶ አክሲዮናቸውን እንድገዛ ጠየቁኝ።

መጠየቅ መብታቸው ነበር፤ ወይም አልነበረም። ሁለት ቀን ያላስቀመጠኝ ጉዳይ ይኸው ነው።

ውሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በውጭ የአክሲዮን ገበያ «ፑት» የሚባል ነገር እንዳለ ለዜና ሥራ ሳነብ አገኘሁ። አክሲዮን ያለው ሰው ዋጋው እንዳይወርድበት ይሰጋል። ሌላው ክፍያ ይቀበልና «ቢወርድም እኔ በዚህ ዋጋ እገዛለሁ» የሚል ቃል ይሸጥለታል። ካልወረደ ቃል ሻጩ ክፍያውን ይዞ ይቀራል፤ ከወረደ ደግሞ ሲፈልገው የነበረውን አክሲዮን ከቀድሞው ባነሰ ዋጋ ያገኛል።

ልብስ ሰፊዋ እትዬ ከሟች ባላቸው የቀረ መቶ አክሲዮን ነበራቸው። ታኅሣሥ ላይ ደላሎች አንዱን በሺህ አራት መቶ ብር ይጠሩት ነበር። እኔ በሺህ ሁለት መቶ ልገዛ፣ እሳቸው ለቃሌ በየወሩ ሺህ አምስት መቶ ሊከፍሉኝ ተስማማን። ወረቀቱን በእጄ ጻፍኩት፦ «ክፍያ ለተፈጸመበት ወር ሁሉ ቃሉ ይጸናል።» መቶ ሃያ ሺህ ብር ባንክ አስቀምጬ አልነካሁትም።

ዘጠኝ ወር ከፈሉኝ። አንድም ቀን አላሳለፉም።

ጳጉሜ አንድ ቀን ቢሮ ሳለሁ የአክሲዮኑ ኩባንያ ዘንድሮ የትርፍ ድርሻ እንደማይከፍል የሚገልጽ መግለጫ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት አንዱ ደላላ በስልክ ለአንድ አክሲዮን ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አለኝ። ቀትር ላይ ደግሜ ደወልኩ፤ ያው ነው። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩ። ለጳጉሜ አልተከፈለኝም። ለጳጉሜ ማንም አይከፍልም፤ ደመወዝም የለ፣ ኪራይም የለ። እንደ ጻፍኩት ከሆነ ነሐሴ ሠላሳ ነፃ ወጥቻለሁ።

የእትዬንም ጉዳይ አውቃለሁ። ሱቁ የአከራዬ አይደለም፤ ባለቤቱ የዓመት ቅድሚያ ኪራይ፣ መቶ ሃያ ሺህ ብር፣ እስከ ጳጉሜ አምስት ካላገኘ ሱቁን ለሞባይል ነጋዴ እንደሚሰጥ ነግሯቸዋል። በደላሎቹ ዋጋ ቢሸጡ አይሞላላቸውም።

ያን ዕለት ማታ ታክሲው መካኒሳ ሲቆም አልወረድኩም። ሀይሌ ጋርመንት ድረስ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። ዝናብ መታኝ። በጓሮ በር ገባሁ።

«ደህና አደርክ ጋዜጠኛው?» አሉኝ በማግስቱ፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ። «በጓሮ መግባት ጀመርክ አሉ። ማን አሳደደህ?»

«ዝናቡ ነው፣ እትዬ።»

«በጓሮ አይዘንብም?»

ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያሰጡት አከራዬ ሳቁ። እትዬ መቶውን አክሲዮን እንድገዛ ጠየቁኝ፤ እኔ ወረቀቱን ዘረጋሁ።

«እትዬ፣ የነሐሴው ክፍያ ነሐሴ ላይ አለቀ። ለጳጉሜ አልከፈሉም።»

«ብከፍልህ ትቀበለኝ ነበር?»

«ኧረ ለጳጉሜ ማን ይቀበላል!»

«እሳቸውስ ያስከፍሉሃል?» አሉ ወደ አከራዬ በአገጫቸው እያመለከቱ።

«አያስከፍሉኝም።»

«ታዲያ በጳጉሜ ደጅ ነው የምታድረው?»

«ይበሉት እንጂ!» አሉ አከራዬ፣ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አውጥተው። «አላስወጣሁት!»

አንድ ነገር ላጣራ ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። የቤት ኪራይ ውሌን ከመሳቢያ አወጣሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ክፍያ ለተፈጸመበት ወር ሁሉ ውሉ ይጸናል» ይላል። የእትዬን ወረቀት ስጽፍ ዐረፍተ ነገሩን የወሰድኩት ከዚያ ነበር። በዚያ ውል አራት ጳጉሜ እዚያው ቤት አድሬአለሁ።

ወጥቼ «መታወቂያዎን ይያዙ» አልኳቸው።

«ይዤ ነው የመጣሁት» አሉ።

ጳጉሜ አራት ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረምን። ከእሳቸው የተቀበልኩት አሥራ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ሲቀነስ አንዱ አክሲዮን በሺህ ስልሳ አምስት ብር ደረሰብኝ። ደላላው ያን ዕለት ዘጠኝ መቶ አርባ አለኝ። ጳጉሜ አምስት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የቅድሚያ ኪራዩን ደረሰኝ አይቻለሁ። መስከረም ሁለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሱቁ ክፍት ነበር።