መርፌውን የገለበጠ እጅ

ሰው ሁሉ ስለ ራሱ ለማውራት ያፍራል፤ እኔ አላፍርም። መርካቶ ውስጥ፣ ከሰባተኛ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ስጠግን ነው ፀጉሬ የሸበተው። አስተማሪ አልነበረኝም። ፊደል የለየሁት ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ጥገናውንም አንድ የተጣለ መኪና ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ተማርኩት። ዛሬ መኪናው እምቢ ያለው ሰፊ ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው። አምና ከሱቄ ፊት ለፊት የሆነውን ነገርም ያየሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ እኔው እጽፈዋለሁ።

ፊት ለፊቴ ሁለት ሱቆች አንድ ግድግዳ ተጋርተው ቆመዋል። በአንደኛው አንዲት የወሎ ሴት መጋረጃ ትሰፋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን ይዛዋለች፤ ልጅ የላትም። በሌላኛው ምንጣፍ የምትሸጥ ሴት አለች። ዝምድና የላቸውም፤ ግን «እህቴ» ነው የሚባባሉት። ባልየው የሞተ ጊዜ ለቅሶ ቤት ፍራሽ ዘርግታ አብራት የሰነበተችው፣ እህል ቅመሺ ብላ የለመነቻት ምንጣፍ ሻጯ ናት። የሰፈሩ ሰው ወዳጅነታቸውን ለልጆቹ ምሳሌ አድርጎ ያወራ ነበር።

እኛ ዘንድ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት የሚሄድ ሰው ሱቁን አይዘጋም። በሩ ላይ ጨርቅ ጣል ያደርግና ለጎረቤቱ «እይልኝ» ብሎ ይሄዳል። ጎረቤቱ ይጠብቃል፤ ደንበኛ ከመጣም ይሸጥለታል። ሲመለስ ደግሞ ተራው የዚያኛው ነው። «እይልኝ» የተባለ ሱቅ ውስጥ ሰው እጁን ለክፉ ይሰዳል ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ መጠርጠሩ ራሱ ነውር ነው። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ የምሰግደው እዚያው ሱቄ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

አንድ ቀን መጋረጃ ሰፊዋ ከሶላት ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ጋሼ፣ እጄ ከዳኝ።»

«እጅ አይከዳም ልጄ፤ መኪና ነው የሚከዳው።»

«መኪናውማ ጠዋት ደህና ነበር። አሁን ስፌቱ ይዘላል፣ ክሩ ይበጠሳል። ወላሂ ጤናዬ አይመስለኝም።»

ካቻቢቴዬን ይዤ ሄድኩ። አንዴ አየሁት፤ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገኝም። የመኪና መርፌ በአንድ ጎኑ ቀጭን ቦይ አለው፤ ክሩ የሚተኛው እዚያ ውስጥ ነው። መርፌው ፊቱን አዙሮ ከገባ ክሩ መንገዱን ያጣል። የእሷ መርፌ ዞሮ ነበር።

«መርፌ ቀይረሽ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ቀይሬ ይሆናላ። ምን የማስታውሰው ነገር አለ?»

ምንጣፍ ሻጯ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ገባችና ትከሻዋን ዳበሰቻት። «እህቴን! ትናንትም ሰማያዊውን ጣቃ ታች አስቀምጣ ላይ ስትፈልግ ዋለች። እረፍት ያስፈልጋታል፤ አይደል ጋሼ?»

መርፌውን መልሼ አዙሬ፣ ብሎኑን አጥብቄ ወጣሁ። ነገሩ ግን ውስጤ ቀረ። ዕድሜዋን በስፌት የጨረሰች ሴት መርፌ አዙራ አትከትም፤ ይህ ማንኪያ ገልብጦ ሾርባ እንደ መጠጣት ነው። ብዙም ሳይቆይ መርፌው ዳግመኛ ዞሮ ተገኘ። ከዚያም እንደገና። ሁልጊዜም ከዙሁር በኋላ ነው።

መጋረጃ ሰፊዋ በዓይኔ ፊት ታንስ ጀመር። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቃት መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ጎረቤቷ ትመለከታለች። ሱቋን ቆልፋ ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመልሳ ቁልፉን ትነካለች። «ረሳሽው እንዴ? ነግሬሽ አልነበር?» ትላታለች ምንጣፍ ሻጯ፤ ማር በሆነ ድምፅ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ወንድሟ ከኮምቦልቻ መጥቶ ሊወስዳት ነው፤ የሱቁን ቁልፍ ደግሞ «እስክትድን» ለምንጣፍ ሻጯ ታስረክባለች። መርካቶ ውስጥ «እስክትድን» ብሎ ቁልፍ ያስረከበ ሰው ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት እኔ አላየሁም። ልቤ ፈራ። ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። በእኔ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም።

እኔ በግምት መኪና አልፈታም፤ ሰውንም በግምት አልከስም። መርፌውን ራሴ አስተካክዬ ከትቼ ለመጋረጃ ሰፊዋ እንዲህ አልኳት፦ «ወደ ሶላት ከመሄድሽ በፊት በዚህ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ መስመር ስፊ። ስትመለሺ ደግሞ ሌላ ነገር ሳትነኪ ከሥሩ ሁለተኛ መስመር ስፊና አሳዪኝ።» ለምን ብላ አልጠየቀችም። መጠየቅ ትታ ነበር።

በሩ ላይ ጨርቋን ጣል አድርጋ ሄደች። ምንጣፍ ሻጯ ገባች። ሶላቴን ጨርሼ ቀና ስል ጀርባዋ ይታየኛል፤ መኪናው ላይ ጎንበስ ብላለች። ክርኗ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተነሥታ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጣቃ አውርዳ ታች ከተተችው። ስትወጣ እኔን አየችና ፈገግ አለች።

«ሰገዱ ጋሼ? ዱዓ ያድርጉላት እንጂ ለዚች እህቴ!»

መጋረጃ ሰፊዋ ጨርቁን ይዛ መጣች። ላይኛው መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ የታችኛው እየዘለለ ይሄዳል። ያየሁትን ነገርኳት። የታችኛውን መስመር በጣቷ ተከተለችው። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም።

«ባሌ የሞተ ጊዜ ውሃ ያጠጣችኝ እሷ ናት» አለች።

«አሁን የምታሰጥምሽም እሷው ናት።»

«እሷ ከሄደች ማን አለኝ ጋሼ?» ከዚያ እጄን ያዘች። «ለወንድሜ አይንገሩት። ለማንም አይንገሩ። አደራ!»

አደራዋ አፌን ለጎመው። ወንድሟ እስኪመጣ ድረስ ያሉት ቀናት እሾህ ላይ ተቀምጬ ያሳለፍኳቸው ናቸው። ፊቷን ባነበው ምንም አይገኝም፤ እኔ ከፊት የማነበው አጥቼ አላውቅም ነበር።

ወንድምየው የመንገድ አቧራው ሳይራገፍ ጠዋት ከች አለ። ምንጣፍ ሻጯ የ«እህቷን» የራስ ጉፍታዎች አጣጥፋ ከረጢት ውስጥ እየከተተች ዓይኗን ትጠርጋለች። ሱቄን ትቼ ተሻገርኩና በሩ ላይ ቆምኩ። መጋረጃ ሰፊዋ ቁልፉን በመዳፏ ይዛለች። ምንጣፍ ሻጯ እጇን ዘረጋች።

«አምጪው የኔ እህት። አታስቢ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማየው።»

በዚያች ቅጽበት ጣቃ የተሸከሙ ኩሊዎች «ዞር! ዞር በሉ!» እያሉ መጡና ገፍተው ከበሩ አራቁኝ። ተንጠራራሁ፤ የጀርባቸው ሸክም ሁሉንም ጋርዶታል። መንገዱ ሲከፈት የምንጣፍ ሻጯ እጅ እንደተዘረጋ ነበር፤ ባዶውን።

«አልሄድም ወንድሜ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። «ድኛለሁ።»

«በስልክ ስታለቅሺ አልነበር እንዴ! ምን ተገኘና ዳንሽ?»

«የሚያመኝ መኪናው ኖሯል። ጋሼ ሠሩልኝ።»

ምንጣፍ ሻጯ ወደ እኔ ዞረች። ፈገግታዋ እንዳለ ነው፤ ዓይኗ ግን ከፊቷ ተለይቶ ቆሟል። «ጋሼ መቼም የማይጠግኑት የለም!»

«የለም» አልኳት።

ወንድምየው እያጉረመረመ በማግስቱ ተመለሰ። ጠብ ይነሣል፣ ሽማግሌ ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ዛሬም «እህቴ» ይባባላሉ። ዛሬም መጋረጃ ሰፊዋ ለዙሁር ስትሄድ በሩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋ «እይልኝ» ትላታለች። አንድ ቀን ግን «ልጄ፣ እንዴት አስቻለሽ?» ብዬ ብጠይቃት «ዓይኔ ሥር ትሁን ጋሼ» አለችኝ፤ በዚያ ማር በሆነ ድምፅ። የጎረቤቷን ድምፅ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

ምሳ የሚበሉት ከአንድ ሳህን ነው። ምንጣፍ ሻጯ ከቤቷ ታመጣለች፤ መጋረጃ ሰፊዋ እጇን ትታጠብና መጀመሪያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ለእሷ ታጎርሳታለች። «ብይ እህቴ፣ አንቺ ቅደሚ።» ያቺ ታኝካለች። ይህቺ ጉሮሮዋን እያየች ትጠብቃለች። ስትውጥላት ብቻ እጇን ወደ ሳህኑ ትሰዳለች። እኔም ከመንገዱ ማዶ፣ ዳቦዬን እንደያዝኩ፣ አብሬ እጠብቃለሁ።