ሾፌር ከእንግዳ ጋር አይበላም

ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ቀን ነው። ማ ታንዲ የሚኒባሱን ቁልፍ ከመስጠቷ በፊት ሦስት ሕግ ነገረችኝ። ማ ታንዲ የድርጅቱ ባለቤት ናት። ድርጅት ስላችሁ ሁለት ሚኒባስ፣ አንድ ጠባብ ቢሮና አንድ የማይሠራ ፕሪንተር ማለቴ ነው። ጆሃንስበርግን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ከሆቴል እናነሳለን፤ ቀን ታሪካዊውን ቦታ፣ ማታ ምግብ ቤቱንና ሙዚቃ ቤቱን እናዞራለን።

አንደኛው ሕግ፣ እንግዳ ሳይቆጠር መኪና አይነሳም። ሁለተኛው፣ የማታውቀውን አውቃለሁ አትበል። ሦስተኛው፣ ሾፌር ከእንግዳ ጋር አይበላም፤ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል።

"ገባህ ባባ?" አለችኝ። እዚህ አገር ትልቅ ሰው ባባ ነው የሚባለው። ገብቶኛል አልኳት። ሦስተኛውን እንዲያውም ወድጄዋለሁ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር በሹካ መታገል አያምረኝም።

ከዚያ በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ስምንት ዓመት በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ ሸጫለሁ። ከተማውን አላውቀውም። የማውቀው በፍርግርጉ የሚገባውን የደንበኛ እጅ ነው።

በዚያው ማክሰኞ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ይዤ ኮረብታው ላይ ወዳለው የድሮ እስር ቤት ሄድኩ። አስጎብኚያችን ሲፖ እዚያው ይጠብቀናል ተብሎ ነበር፤ ዘገየ። ሴትየዋ ይኼ ምንድን ነው አለችኝ። እስር ቤት አልኳት። ማን ነበር የታሰረው አለችኝ። ሁለተኛው ሕግ ትዝ አለኝ።

"ሰዎች" አልኳት።

ባልየው በደብተሩ ጻፈው። ሲፖ ይህን ከሰማ ወዲህ፣ እዚያ በቆምን ቁጥር ትከሻዬን መታ ያደርገኝና፣ "ባባ፣ እዚህ ማን ነበር የታሰረው?" ይለኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልሰለቸውም።

በሥራችን ማዕረግ አለ። ከላይ ባለቤት፣ ቀጥሎ ባጅ ያንጠለጠለ አስጎብኚ፣ ቀጥሎ ሾፌር። ከሾፌር በታች የመኪና ጠባቂው ነው፤ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሶ የምታቆምበትን ቦታ የሚያሳይህ። እሱ ግን ራሱን ከሁላችንም በላይ ነው የሚያየው። በእጁ ካልጠራህ አትገባም፣ ካልሸኘህ አትወጣም።

ጠዋት ጠዋት ጎማና ዘይት አያለሁ፣ ውሃ እሞላለሁ፣ ስፖኪዮ እወለውላለሁ። ከዚያ የተንሸራታቹን በር ሐዲድ በጨርቅ ጠርጌ ግራሶ እቀባለሁ። ከወርቅ ማዕድኑ ወጥቶ የተከመረው አፈር ንፋስ በነፋ ቁጥር ይበናል፤ ሐዲዱ ውስጥ ከገባ በሩ አይከፈትም። እንግዳ በር ሲጎትት ላብ ካላበው ስለ ከተማው የሚጠይቀው ሁሉ በቁጣ ነው።

እንግዳ ስምህን ከመጠየቁ በፊት ይኼ ሰፈር ሰላም ነው ወይ ይልሃል። ስልካችሁን ደብቁ እላለሁ። እሺ ይላሉ። ከዚያ ስልኩን በመስኮት አውጥተው ደብቁ ያልኩበትን ሰፈር ፎቶ ያነሳሉ። ሶዌቶ እንግዳ ለጨዋታ የሚዘልባቸው ትልልቆቹ ማማዎች ጋ ስንደርስ ደግሞ፣ መንገድ ለመሻገር ፈርታ እጄን የያዘችኝ ሴት ወገቧን በገመድ አስራ ከላይ ትዘላለች።

የማታውን ሥራ ከመኪና ማቆሚያ ነው የማውቀው። እኔ አልጠጣም፤ ቤተ ክርስቲያኔም አይፈቅድም፣ የመኪናው መሪም አይፈቅድም። ሙዚቃውን በግድግዳ በኩል ነው የምሰማው፤ የሚደርሰኝ ድም ድም የሚለው ብቻ ነው። ግን ጥሩ ምግብ ቤት የቱ ነው ብትሉኝ ከሲፖ ይልቅ እኔን እመኑ። ሲፖ ሰው ሲገባ ያያል፣ እኔ ሲወጣ አያለሁ። ሜልቪል ከሚባለው የዘመናዮች ሰፈር በሹካ ጫፍ በልቶ የወጣ እንግዳ፣ ሆቴሉ ሳይደርስ ባባ ዳቦ የሚሸጥ ቦታ አቁምልኝ ይለኛል። ሶዌቶ በእጁ ሥጋ የበላው መኪና ውስጥ ይተኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አምና አንድ ቀን ማ ታንዲ ቢሮ ጠራችኝ። ከባሕር ማዶ እንግዳ የሚልክ አንድ ትልቅ ድርጅት ሥራችንን የምትመረምር ሴት ልኳል አለችኝ። ካርላ ትባላለች። ከወደደችን ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ይልኩልናል። ካልወደደችን ሁለት መኪና ማቆየት አልችልም፣ አንዱን እሸጣለሁ አለች።

"የቱን?" አልኳት።

"ያንተን ባባ። ሌላኛው አዲስ ነው።"

መኪናው ከተሸጠ እኔም ወደ አንዱ ሱቅ ፍርግርግ መመለሴ ነው። እሺ አልኩና ወጣሁ። በማግስቱ ሐዲዱን ሁለት ጊዜ ግራሶ ቀባሁት።

ካርላ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁሉን የምትጽፍ ሴት። ጠዋቱ በሰላም አለፈ። ምሳ ሰዓት ላይ ሲፖ ሦስቱን ሶዌቶ ወዳለው ምግብ ቤት አስገባ፤ እኔ መኪናውን ዛፍ ሥር አቁሜ ምሳ ዕቃዬን ክሩስኮቱ ላይ ከፈትኩ። ሁለት ዳቦ፣ ምስር፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል። ባለቤቴ አማረች ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ነው የምትቋጥረው።

የመኪና ጠባቂው ቤኪ በመስኮቴ በኩል አለፈ። "እንብላ" አልኩት። የኛ ሰው ሲበላ ሰው ካየው ዝም ማለት አይችልም፤ አፍ ራሱ ይለዋል። ያኛውም ብላ፣ በልቻለሁ ብሎ ያልፋል። እንዲህ ነው ወጉ። ቤኪን በመጀመሪያው ሰሞን ስጠራው እየመጣ ግማሹን ይበላብኝ ስለነበር መልሱን አስተምሬዋለሁ። ያን ቀንም ሳይበላ፣ በአማርኛ "በልቻለሁ ባባ" ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ካርላ መኪናው ውስጥ የረሳችውን ባርኔጣ ልትወስድ መጣች። መስኮቱ ጋ ቆማ አየችኝ። አፌ ቀደመኝ፤ በእንግሊዝኛ ነይ ብዪ አልኳት።

እሷን ማንም መልሱን አላስተማራትም። "እውነት?" አለችና በሩን ሳበችው። ግራሶው ጥሩ ስለነበር በአንድ ጣት ተከፈተ። ገብታ ተቀመጠችና እንቁላሉን አነሳች።

ቤኪ ከሩቅ አያት። ወጉ የተቀየረ መስሎት እሱም መጥቶ ገባ። "እኔም እውነቱን ለመናገር አልበላሁም" አለ።

ካርላ ምስሩን በዳቦ እየጠረገች ስለ ሱቁ ጠየቀችኝ፣ ስለ ፍርግርጉ ነገርኳት። በዚህ ከተማ የምትወደው ምግብ ቤት የቱ ነው አለችኝ። የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም፤ የሁሉም በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም አልኳት። ማኘኳን አቆመች። ይህን አልጻፈችውም። ሲፖ ሊፈልጋት ሲመጣ ውስጥ የታዘዘላት ሥጋ በርዷል፣ የኔ ምሳ ዕቃ ባዶ ነው፣ ቤኪ ክዳኑን ይልሳል።

ማ ታንዲ ማታ ደወለች። "ሦስተኛው ሕግ ምን ነበር?" አለችኝ።

"ሾፌር ከእንግዳ ጋር አይበላም።"

"ታዲያስ?"

"እኔ ከእንግዳ ጋር አልበላሁም። እንግዳዋ ናት ከእኔ ጋር የበላችው። እኔማ አልበላሁም ማለት ይቻላል።"

"እንቁላሉንም?"

"እሱን በተለይ።"

ስልኩን ዘጋችው። ስትስቅ ይሁን ስትቆጣ አላወቅሁም።

ሁለት ሳምንት መልስ ጠፋ። እኔ ሊሸጥ ነው የተባለ መኪና በየጠዋቱ ግራሶ እቀባለሁ። ሲፖም በዚያ ሰሞን ማን ነበር የታሰረው ማለቱን ተወ፤ ያኔ ነው ነገሩ የከፋ መሆኑ የገባኝ።

ደብዳቤው ሲመጣ ማ ታንዲ አነበበችልኝ። እንግዳ እንልካለን ይላል። ግን "ከሾፌሩ ጋር ምሳ በመኪና ውስጥ" የሚባል ነገር ፕሮግራም ውስጥ ይግባ፣ ሐሙስ ሐሙስ በሰባት ሰዓት። ማ ታንዲ ደስ ብሏታል። እኔ አይሆንም አልኩ።

"ለምን?"

"እንብላ የሚባለው ሰው ስትበዪ ሲያይሽ ነው። በፕሮግራም ከተባለ ምግብ ቤት ሆነ። ምግብ ቤት ደግሞ ሞልቷል።"

"ባባ፣ መኪናውን እሸጣለሁ እኮ ነው የምልህ።"

"ሽጪው" አልኳት። ልጄ ኮሌጅ ናት፣ ቮስሎሩስ ያለው ሱቅም የሌላ ሰው ሆኗል። ቃሌን ግን አልመለስኩም፤ ይህ ጠባዬ ስንት ቦታ እንደጎዳኝ አማረች ትንገራችሁ።

ማ ታንዲ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ አዞረች። "ለካርላ ምን ብዬ ልጻፍላት?" አለች።

"ሾፌሩ ሲበላ የደረሰ ይበላል፣ ያልደረሰ አይበላም በያት።"

እንዳልኩት ጻፈችው። በሦስተኛው ቀን ካርላ መለሰች። ትክክል ነው፣ ከፕሮግራሙ ይውጣ፣ እንግዳ እንልካለን። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ የኛ እንግዶች ምግብ ቤት ሲገቡ ሾፌሩ በር ላይ አይቁም፣ አንድ ወንበር ይጨመር።

ሦስተኛው ሕግ በዚህ ተሻረ። አሁን ከእንግዳ ጋር ውስጥ እቀመጣለሁ፣ በሹካም እታገላለሁ። ሶዌቶ ሲሆን በመስኮቱ በኩል ቤኪን አየዋለሁ፤ በእጄ እጠራዋለሁ፣ እሱም ሆዱን እየነካ በልቻለሁ ይለኛል። ውሸቱን ነው። ሳህን አስልክለታለሁ።

ምሳ ዕቃዬን ግን አልተውኩም። አዲስ ሾፌር ሆናችሁ ለምትገቡ የምላችሁ ይኸው ነው፦ ሰው ቁጠሩ፣ የበሩን ሐዲድ ግራሶ ቀቡ፣ እንቁላል ሁለት ያዙ።